የእርድ እድፍ እና የክረምቱ ኬሚስትሪ



ባለፈው ረመዳን አንድ ማታ፣ ከኢፍጣር በኋላ፣ የዶርም ጓደኛዬ ነጭ ጀለቢያ ላይ የአልጫ ወጥ ፈሰሰበት። ለተራዊሕ የሚለብሰው እሱኑ ስለነበር ሮጦ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደና ሳሙና ቀባው። ቢጫው እድፍ ወዲያውኑ እንደ ደም ቀላ። ልጁ ደንግጦ "ሳሙናው የተበላሸ ነው፣ ልብሴን አበላሸብኝ" እያለ ተመለሰ። ይህ ወንድማችን የሦስተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። "ኢንዲኬተር ምንድን ነው?" ብትሉት ትርጉሙን በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳይስት ይወጣዋል። ፌኖልፍታሌይን ቤዝ ውስጥ ሲገባ ሮዝ እንደሚሆንም ያውቃል፤ ፌኖልፍታሌይንን ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እናቱ ዘወትር አልጫ ላይ የምትጨምረው እርድ ተመሳሳይ ሥራ እንደሚሠራ የነገረው ሰው አልነበረም። ግማሽ ሎሚ ጨመቅንበት። ቀዩ ወደ ቢጫ ሲመለስ ዝም ብሎ አየውና "ታዲያ ይሄንን ለምን ያኔ አላሳዩንም?" አለ።

ብዕር ያስነሳኝ ይሄው ጥያቄ ነው። እንደምታውቁት ክረምት ወደየአገራችን ስንገባ ለሰፈር ልጆች ነፃ የማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጣለን። ሹራው አሁን የዘንድሮውን በጀት እየተነጋገረበት ነው። ከመዋጮ የተሰበሰበው ገንዘብ እንደ ወትሮው ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን ለማባዛት ይዋል የሚለው ሐሳብ ያመዘነ ይመስላል። እኔ ደግሞ ለኬሚስትሪ ከተያዘው ገንዘብ ሲሶው ለወረቀት ሳይሆን ለሲሪንጅ፣ ለእርድ፣ ለአቼቶና ለባትሪ ድንጋይ ይዋል ባይ ነኝ። ይህን ስናገር አንዳንድ ወንድሞች ሳቁ። ሳቃቸው ያለ ምክንያት አይደለምና ከእሱ ልጀምር።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደየዩኒቨርሲቲው ግቢ ከመጣበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ውጤቱን ሁላችንም ሰምተናል። በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። "ልጆቹ እየሰመጡ አንተ በእርድ ልታጫውታቸው ነው ወይ?" ያለኝ ወንድም ይህን ቁጥር ይዞ ነው። ፈተናው ምርጫ ነው፤ ልጆቹም ወላጆቻቸውም የሚጠይቁት የተሠራ ጥያቄ ነው። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስንት ምዕራፍ ይሸፈናል? ይህ እውነተኛ ጭንቀት ነው፤ እንደ ቀላል አላየውም።

ነገር ግን ሦስት ክረምት አስተምሬ ያየሁትን ልናገር። የፈተና ጥያቄ ማሠራት የሚጠቅመው ነገሩ ቀድሞ የገባውን ልጅ ነው። ፍጥነት ይጨምርለታል፣ ወጥመዱን ይለይበታል። ነገሩ ያልገባው ልጅ ግን መልሱን "ሲ ነው" ብሎ ይዞ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ሲቀየር መልሱም አብሮት ይጠፋል። አንድ ጎበዝ የ10ኛ ክፍል ልጅ አሲድ ከካርቦኔት ጋር ሲገናኝ ጨው፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚሰጥ ጻፈልኝ፤ እኩልታውንም አመጣጠነ። ከዚያ የእንቁላል ቅርፊት አቼቶ ውስጥ ጨምሬ አረፋ ሲያወጣ ብጠይቀው "ቲቸር፣ እንቁላሉ እየተነፈሰ ይሆን?" አለኝ። ሊቀልድ አልነበረም። ደብተሩ ላይ ያለው ካርቦኔትና እጁ ላይ ያለው ቅርፊት አንድ ነገር መሆናቸው ጭራሽ አልታየውም።

ይህን ስል ሙከራ ያየ ሁሉ ፈተና ያልፋል ማለቴ አይደለም። የእኛም የመጀመሪያ ሙከራ ከንቱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በትውልድ ከተማዬ፣ ወሎ ውስጥ፣ በአዳራሽ ሙሉ ልጆች ፊት በጭቃ ተራራ ሠርተን፣ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ጨምረን፣ ቀይ ቀለም ቀላቅለን "እሳተ ገሞራ" አፈነዳን። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ፤ እኛም ፎቶ ተነስተን ለጀመዓው ግሩፕ ላክን። በማግስቱ "ትናንት ምን አያችሁ?" ስላቸው "እሳተ ገሞራ እንዴት እንደሚፈነዳ" አሉኝ። እውነተኛ እሳተ ገሞራ እንዲያ አይፈነዳም፤ ስለዚህ ሳላስበው ያስተማርኳቸው አንድ ስሕተት ነው። ልጆቹ ተመልካች ነበሩ፣ እኛ ደግሞ አስማተኛ። ኬሚስትሪን ለሕዝብ እናሳያለን ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ይህን ዓይነቱን ትርኢት ነው፤ እኔ ለዚያ ሳንቲም እንዲወጣ አልፈልግም።

ያለፈው ክረምት ግን ሌላ ነበር። ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ውስጥ እርድ በጠበጥን፣ ነጭ ወረቀት ነክረን አደረቅን፣ ቆራርጠን ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት አምስት ቁራጭ ሰጠን። ሎሚ፣ አቼቶ፣ አምቦ ውሃ፣ የሳሙና ውሃ፣ ቤኪንግ ሶዳና የምድጃ አመድ የተዘፈዘፈበት ውሃ አቀረብን። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፦ ከመንከራችሁ በፊት ምን እንደሚሆን ጻፉ። የሳሙናውና የአመዱ ውሃ ወረቀቱን አቀሉት፤ ሶዳው ትንሽ ወደ ብርቱካንማ አደረገው፤ ሌሎቹ ምንም አላደረጉም። አንዲት ከኋላ የተቀመጠች፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምጿን ሰምተን የማናውቅ እህት እጇን አወጣችና "ሎሚና ውሃ አንድ ናቸው ማለት ነው?" አለች።

ይቺ ጥያቄ ከማንኛውም ወርክሺት ትበልጥብኛለች። ምክንያቱም ልጅቷ የነካችው የእርድን ድክመት ነው። እርድ ቤዝን ይናገራል እንጂ ሎሚን ከንጹሕ ውሃ አይለይም፤ ቀለሙ የሚቀየረው ከገለልተኛው መስመር ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ማንም መሣሪያ ሁሉን አያሳይም የሚለውን ነገር እኔ የተማርኩት እዚህ ግቢ፣ ሁለተኛ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ እሷ በ9ኛ ክፍሏ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ደረሰችበት። በማግስቱ ካርካዴ አፍልተን መጣን። ካርካዴው በሎሚ ደማቅ ቀይ፣ በአመድ ውሃ ደግሞ አረንጓዴ ሆነ። ሁለቱን ኢንዲኬተሮች ጎን ለጎን አድርገው ስድስቱን ፈሳሾች በቅደም ተከተል የደረደሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ስለ ፒኤች የተናገርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ አስር ደቂቃም አልፈጀብኝም። በፊት በነበሩት ክረምቶች ለዚያው ነገር ሁለት ክፍለ ጊዜ አቃጥዬ ነበር።

ስለ አመዱ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። "አልካሊ" የሚለው ቃል ከዐረብኛው "አል-ቀሊ" የመጣ ነው፤ ጨዋማ ዕፅዋት ተቃጥለው የሚገኘው አመድ ማለት ነው። ሳሙናም መስታወትም የሚሠራው በእሱ ነበር። በየግድግዳው "ኬሚስትሪን ያቆሙት ሙስሊሞች ናቸው" የሚል ፖስተር መለጠፍ እንወዳለን፤ እኔም ለጥፌያለሁ። አር-ራዚ ግን "ኪታብ አል-አስራር" ውስጥ የተወው ፉከራ ሳይሆን የዕቃዎች ዝርዝር ነው፤ ምድጃው፣ ማቅለጫው፣ ማጣሪያው፣ ማንጠሪያው። እጁን ያላቆሸሸ ሰው እንዲያ አይጽፍም። በስሙ የምንኮራ ከሆነ ለልጆቹ ስሙን ብቻ ሳይሆን ማንጠሪያውንም እናሳያቸው። አያቶቻችን በአመድ ልብስና ዕቃ ሲያጥቡ ያዩ ልጆች ቃሉንና ነገሩን ለማገናኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

"ይሄ ሁሉ ላብራቶሪ ይፈልጋል" ለሚሉን መልሱ ከእኛ አፍሪካ የመጣ ነው። በደቡብ አፍሪካ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ እነ ፕሮፌሰር ጆን ብራድሊ ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት፣ በእጅ የሚያዝ የፕላስቲክ ሰሌዳና ጥቂት መለዋወጫ የያዘ የተማሪ ላብራቶሪ ሠሩ። ሙከራው በሊትርና በቢከር ሳይሆን በጠብታ ይሠራል፤ ብልቃጥ አይሰበርም፣ ኬሚካል አይባክንም፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ይደርሰዋል። ዩኔስኮም ይህንኑ አሠራር ወደ ብዙ አገሮች ወስዶታል። እኛ ሰሌዳውን መግዛት አንችልም፤ ግን ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አለን። በደንብ ከታጠበ እያንዳንዷ ጉድጓድ አምስት ጠብታ ትይዛለች። ሲሪንጅ ያለ መርፌው እንደ ጠብታ መለኪያም እንደ ጋዝ መሰብሰቢያም ያገለግላል። ሁለት ጫፉ የተቀረጸ ሁለት እርሳስ፣ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪና ቤኪንግ ሶዳ የሟሟበት ውሃ ካለ ውሃን መሰንጠቅ ይቻላል፤ በአሉታዊው ጫፍ ላይ አረፋው በግልጽ ይበዛል፤ ሃይድሮጅኑ የኦክስጅኑ እጥፍ ስለሆነ ነው። (በሶዳው ፋንታ የገበታ ጨው እንዳትጨምሩ፤ ክሎሪን ይወጣል።) ኤች ቱ ኦ ላይ ያለችው "ቱ" ከየት መጣች የሚለው ጥያቄ እዚያው ይመለሳል።

ከጠብታው ጋር ሌላም ነገር ያየሁት አለ። አንድ ትልቅ ሙከራ ፊት ለፊት ሲሠራ ወንዶቹ ገፍተው ይቀርባሉ፤ እህቶች ከኋላ ቆመው ትከሻ ያያሉ። ለእያንዳንዷ የራሷ የኪኒን ማሸጊያ ሲሰጣት ይሄ ነገር ቀረ። ያቺ ስለ ሎሚው የጠየቀችው ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ለመግባት ወስና ነበር፤ ማኅበራዊ ሳይንስን ወዳ ሳይሆን "ኬሚስትሪ ለእኔ አይሆንም" ብላ። አሁን 10ኛ ክፍል ናት። ምን እንደምትመርጥ አላውቅም፤ የራሷ ጉዳይ ነው። ቢያንስ ፈርታ እንዳትሸሽ ነው የምፈልገው።

እስካሁን ስለ ተማሪ ነው ያወራሁት። ኬሚስትሪ ግን የክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጀመዓችንም ከመምህር የተሻለ ሊሠራው የሚችለው ክፍል እዚህ ያለ ይመስለኛል። በሰፈራችን "ኬሚካል" ማለት መርዝ ነው፣ "አሲድ" ማለት ፊት ላይ የሚደፋ ነገር ነው። "ኬሚካል የሌለው ሳሙና" እያለ የሚሸጥም ገዝቶ የሚደሰትም አለ። ያው ሰው ደግሞ ሽንት ቤት ለማጽዳት በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አንድ ላይ ይደፋል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይለቃሉ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። ኬሚካል የሚባለውን ሁሉ በመፍራትና አደገኛውን ባለመለየት መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ነው። ይህን ለእናቶች ለመንገር ዲግሪ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በቤት ቋንቋ መናገር ነው፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በስልጥኛ፣ በአፋርኛ፣ በሶማሊኛ። ኬሚስትሪን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የተማርነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙዎቻችን ቤታችን ገብተን ልናስረዳው አንችልም። እኔ ራሴ "ኦክሲዴሽን"ን ለእናቴ ለማስረዳት ሞክሬ ሁለት ጊዜ ተሸንፌያለሁ፤ በሦስተኛው የተቆረጠ ሙዝ ሲጠቁር አሳየኋትና ተግባባን።

ሕዝቡም ባዶ እጁን አይደለም የሚጠብቀን። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ናቸው። የእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር፣ ሳፖኒን፣ እንደሚገድላቸው የተደረሰበት ከዚያ ተነስቶ ነው፤ ለዚሁ ሥራ እሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሳይንቲስቱ ያደረገው የመጀመሪያው ነገር ሴቶቹ የሚሠሩትን ቆሞ ማየት ነበር። ወደ ሰፈር የምንወርድ ሰዎች ከዚህ ብንጀምር አይከፋም።

ሌላው የሚያሳስበኝ የስምጥ ሸለቆው ውሃ ነው። ከዚያ አካባቢ የመጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ የልጆቹ ጥርስ ይቦረቡራል፣ ይቡናል፤ የከፋው ደግሞ አጥንት ያጎብጣል። ምክንያቱ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ በተፈጥሮው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ማፍላት አይረዳም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይበረክታል። ከታወቁት መፍትሔዎች አንዱ የከሰለ የእንስሳ አጥንት ማጣሪያ ነው፤ የአጥንቱ ካልሲየም ፎስፌት ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረዋል። አሁን ይህን ይዛችሁ ወደ አንድ ሙስሊም ቀበሌ ሂዱና ንገሩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ፎስፌት አይሆንም፤ "አጥንቱ የምን እንስሳ ነው? እንዴት ታረደ?" ነው የሚሆነው። ይህ ያለማወቅ ጥያቄ አይደለም። ኬሚስቱ ብቻውን ሊመልሰው የማይችለው፣ የአካባቢው ዑለማ የሚጠየቅበት ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ፣ ኬሚስትሪውንም ሆነ ኡስታዙን ማናገር የሚችል ሰው ከጀመዓ ውጭ ከየት ይመጣል?

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። የተባበሩት መንግሥታት 2011 እ.ኤ.አ.ን ዓለም አቀፍ የኬሚስትሪ ዓመት ብሎ ሲያውጅ የውሳኔ ሐሳቡን ያቀረበችው አገር ኢትዮጵያ ናት። በዚያ ዓመት በዓለም ዙሪያ ያሉ ተማሪዎች በአካባቢያቸው ውሃ ላይ አራት ሙከራ እንዲሠሩ ተጋብዘው ነበር፤ ፒኤች መለካት፣ ጨዋማነትን ማወቅ፣ ማጣራትና ማከም፣ በፀሐይ ሙቀት ማንጠር። የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ተገረሙ። አራቱም ሙከራዎች ዛሬም በላስቲክ፣ በአሸዋ፣ በከሰልና በሳፋ ይሠራሉ።

ስልክ ላላቸው ልጆች የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፌት የተባለው የነፃ ማሳያ ስብስብ አለ፤ አንዴ ግቢ ዋይፋይ ላይ ካወረድነው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አቶምና ሞለኪውል በዓይን ስለማይታይ ለዚያ ክፍል ጥሩ ነው። በእጅ የሚነካውን ግን አይተካም። መምህር ለመሆን የምታስቡ ደግሞ የአፍሪካ የኬሚስትሪ ትምህርት ጆርናልን አንብቡ፤ በነፃ ይገኛል።

ስለ ደኅንነት ሹራው የጠየቀኝ ነበር። እሳት የለም፤ በረኪና ከምንም ጋር አይቀላቀልም፤ የሽንት ቤት አሲድና የባትሪ አሲድ ክፍል ውስጥ አይገባም፤ ሙከራ የተሠራበት ነገር አይቀመስም፣ ሎሚም ቢሆን። የሲሪንጁን መርፌ ከፋርማሲው ስንገዛ እዚያው እንተወዋለን። በሌላ ሰው ስልክ ያያችሁትን "አስደናቂ" ፍንዳታ ሳትሞክሩ ልጆች ፊት እንዳታደርጉ፤ ሞክራችሁም ቢሆን።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። የምጠይቀው ሲሶውን ነው እንጂ ሁሉንም አይደለም፤ የፈተና ጥያቄ ማባዛቱ ይቀጥል፣ ለ12ኛ ክፍሎች በተለይ። ከ12 በታች ላሉት ግን በሳምንት አንድ ቀን የጠብታ ቀን ይሁን፣ ከወላጅ የሚመጣ ካለም በሩ ክፍት ይሁን። ሙስሊም ያልሆኑ የሰፈር ልጆችም ባለፈው ክረምት መጥተው ነበር፤ እርዱ ለሁሉም እኩል ነው የቀላው።

የሹራው ስብሰባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ያላችሁ በጀመዓው ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ባስቀመጥኩት ካርቶን ውስጥ ጣሉልኝ። ትልልቅ ጉድጓድ ያለው ይመረጣል። ከዝዋይ፣ ከመቂና ከአላባ አካባቢ የመጣችሁ ደግሞ ሐሙስ ከዐስር በኋላ እዚያው እጠብቃችኋለሁ፤ ስለ ውሃው ከእናንተ የምሰማው ብዙ አለ። ሎሚ ይዞ የሚመጣ ካለ የጓደኛዬን ጀለቢያም እናሳየዋለን፤ ትንሽ ቢጫ አሁንም አልለቀቀውም።